ጥቆማ፦ የሳይክሉን ፕላስቲክ ላውጣው ወይስ ልተወው?

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ማውንቴን ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ካቻቢቴ ሊዋሰኝ ነው። «ጋሼ፣ እነዚህን ፕላስቲኮች ላራግፋቸው ነው። የሕፃን ሳይክል አስመሰሉት» አለኝ። አንደኛዋ ከኋላው ማርሽ ጀርባ፣ ከራጂዎቹ (ከጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ጋር ተጣብቃ ያለችው ክብ ፕላስቲክ ናት። ሌሎቹ አንጸባራቂዎቹ ናቸው፤ በራጂው መሃል፣ በፔዳሉ፣ ከፊትና ከኋላ የተሰኩት። ካቻቢቴውን ከመስጠቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩበት። ባሕር ዳር ላይ ሳይክል የሚነዳው ብዙ ስለሆነ ያንኑ እዚህም ልለፍልፈው።

ከክቧ ልጀምር። እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ ለመልክ ብዬ አውጥቻት ነበር። ሁለት ወር ምንም አልሆንኩም። ከዚያ አንድ ቀን ዓባይን ተሻግሬ ወደ ቤዛዊት ወጣሁ። ዳገቱ ሲከብደኝ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ትልቁ ጥርስ ቀየርኩ። ካቴናው ትልቁን ጥርስ አልፎ ሄደና በማርሹና በራጂዎቹ መሃል ተቀረቀረ። ጎማው ቀጥ፣ እኔ ወደ ጎን። ጉልበቴ ተላጠ፣ እሱስ ይድናል። ሦስት ራጂ ተበጥሶ፣ ማርሽ ቀያሪው ተጠማዞ ነበር። ያን ሁሉ ዳገት እየገፋሁት ወረድኩ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ከሳምንት በፊት ሳይክሉ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ በቀኝ ጎኑ ወድቋል። ማርሽ ቀያሪው የተሰቀለባት ትንሽ ብረት ወደ ውስጥ ጎብጣለች። በዓይን ብዙም አይታወቅም። ክቧ ፕላስቲክ ብትኖር ኖሮ ካቴናው እሷ ላይ ተንሸራቶ ይንኳኳ ነበር፤ እኔም ሰምቼ እቆም ነበር። ሥራዋ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ማርሽ ያለው ሳይክል ሲሸጥ ካቴናው ጎማውን እንዳይዘው መከላከያ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል።

«ማርሹ በደንብ ከተስተካከለ አታስፈልግም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ማርሽ ቀያሪው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፣ «ኤች» እና «ኤል» የተጻፈባቸው። «ኤል» የተባለው ካቴናው ወደ ራጂው እንዳያልፍ ይገድበዋል። እሱ ልክ ከሆነ፣ ብረቷም ካልጎበጠች፣ ካቴናው አያልፍም። የእኛ ሳይክል ግን በባጃጅ ይጫናል፣ ለወንድም ይዋሳል፣ በር ላይ ተደግፎ ይወድቃል። ስለዚህ የኔ ምክር፦ ደህና ከሆነች ተዋት። ፀሐይ አድርቋት ከተሰነጠቀችና እየተንኳኳች ከሆነ ግን አውጣት፤ ተሰብራ መሃል ከመግባቷ በፊት። በፒንሳ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ራጂውን እንዳትጭረው። ንጹሑ መንገድ ማርሹን በራሱ መፍቻ አስፈትቶ ማውጣት ነው።

ማን ጋ ይሠራ? መንገድ ዳር ጥላ ሥር የሚሠሩት ለካላማዳሪና ለተበጠሰ ራጂ አንደኛ ናቸው። ርካሽ ናቸው፣ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ያልቃል። ማርሽ ማስተካከል ላይ ግን ሰው በሰው ይለያያል። አንዱ ጋ ሄጄ «ኤሉን» ብሎን ሳይነካ ሽቦውን ብቻ ወጥሮ ሸኝቶኛል። ማርሽ ላይ እኔ የምጠቁመው ሳይክል የሚያከራዩትን ነው። ሳይክላቸው በቀን በስንት እጅ ስለሚያልፍ ማርሽ ማስተካከል የየዕለት ሥራቸው ነው። ለአዲስ ዕቃ ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለህ መርካቶ ላክ፤ ምርጫው እዚያ ነው። የድሮውን ዕቃ አስይዘው እንጂ በስልክ እያስረዳህ አታስገዛ፤ የማርሽ ጥርስ ቁጥር ይለያያል።

መካኒኩን መፈተሻ ዘዴም አለኝ። ጎማውን አንስቶ፣ ፔዳሉን በእጁ እያዞረ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ ጥርስ ሁሉንም ካልቀየረ አልጨረሰም። ከኋላ አጎንብሶ ብረቷን በአንድ ዓይኑ ካየማ ስልኩን ያዝ።

ወደ አንጸባራቂዎቹ ስንመጣ፣ ልጁ በከፊል ልክ ነው። አንጸባራቂ የራሱ ብርሃን የለውም። የመጣበትን መብራት ወደመጣበት ይመልሳል፣ በቃ። የራጂዎቹ መሃል ያሉት ከጎን ለሚመጣ ናቸው። መስቀለኛ ላይ የባጃጁ መብራት እነሱን እስኪያገኝ አንተ ብዙ ጊዜ ፊቱ ደርሰሃል። ከተነቃነቁ ብታወጣቸው አልጣላህም። ጀርመን ያላችሁ ግን ተዉት፤ እዚያ የጎማና የፔዳል አንጸባራቂ ሕግ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከጥቅምት 1985 ወዲህ የተሠራ ሳይክል በማታ ሲነዳ የፔዳል አንጸባራቂ ይጠየቃል።

የፔዳሎቹን እዚህም አትንካ። ከፍ ዝቅ ሲሉ ከኋላ ያለው ሾፌር ከሩቅ «ይሄ ሳይክል ነው» ይላል። እንደዚያ የሚንቀሳቀስ ሌላ ነገር መንገድ ላይ የለም። የኋላውን ቀዩንም አትንካ።

የፊተኛው ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንዳንድ የቆዩ ማውንቴኖች የፊት ፍሬናቸው ሁለቱን ክንዶች ከጎማው በላይ በምታገናኝ አጭር ሽቦ ነው የሚሠራው። ዋናው የፍሬን ሽቦ ቢበጠስ ያቺ አጭር ሽቦ ጎማው ላይ ትወድቃለች፤ ጥርሳም ጎማ ከሆነ ይዟት ቀጥ ይላል፣ አንተም በመሪው ላይ ትበራለህ። የአንጸባራቂው መያዣ ብረት ብዙ ጊዜ እዚያው ስላለ ሽቦዋን ይይዛታል። ፍሬንህ እንደዚህ ከሆነ ፕላስቲኩን አውጣ እንኳ ብረቱን ተው።

ለመተካት ከሞከርኳቸው፣ የከባድ መኪና ጎን ላይ የሚለጠፈው ቀይና ነጭ ስቲከር በዋጋው የሚወዳደረው የለም። የመኪና ዕቃ መሸጫ ቁርጥራጭ አታጣም። ፍሬሙን መጀመሪያ በሳሙና እጠበውና አድርቀው፤ ቅባት ላይ ሳምንት አይቆይም። ራጂው ላይ የሚሰኩት ቀጫጭን አንጸባራቂ ቱቦዎች ከሁሉም ያምራሉ፣ ጎማውን ሙሉ ክብ አድርገው ያበሩታል፤ ግን እንደልብ አይገኙም። አንጸባራቂ ሰደርያ ጥሩ ነው፣ የጀርባ ቦርሳ ካላደረግህበት። በስልክ ቻርጀር የሚሞላ የኋላ ቀይ መብራት ከገዛህ ግን ከላይ ካሉት ሁሉ እሱን አስቀድም፤ የማንንም መብራት አይጠብቅም።

ልጁ ካቻቢቴውን እሑድ መለሰልኝ። የራጂዎቹን አንጸባራቂዎች አውጥቷቸዋል። ክቧን ትቷታል፣ ግን ጥቁር ቀለም ቀብቷታል።