ፊቱ የጎበጠ የዓሣ ገንዳ ስንት ሊትር ይይዛል?

ጥያቄ፦ የፊት መስታወቱ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። የውስጥ ልኩ፦ ርዝመት 90 ሳ.ሜ.፣ ወርዱ ጫፎቹ ላይ 30፣ መሃል ላይ 40፣ የውሃው ከፍታ 45። መድኃኒት ልጨምርበት ስለሆነ ሊትሩን በትክክል ማወቅ አለብኝ።

መልስ፦ ለሁለት ከፍለህ አስላው። አራት ማዕዘኑ 90 × 30 = 2700። ጉብታው ደግሞ የ90 × 10 ሁለት ሦስተኛ፣ 600 ነው። 3300ን በ45 አባዝተህ ለ1000 ስታካፍል 148.5 ሊትር። ወርዱን በአማካይ 35 ብለህ ብትይዝ 141.75 ይመጣል፤ ያንሳል።

መልስ፦ ጠጠሩንም ቀንስ እንጂ! 5 ሳ.ሜ. ከተነጠፈ 16.5 ሊትር ነው፤ በመካከሉ 40 በመቶ ያህል ውሃ ስለሚገባ የሚቀነሰው 10 ገደማ ብቻ። ለመድኃኒቱ 138 ያዝ።

መልስ፦ ድንጋይና ግንድ ካለበት ግን በስሌት ብቻ አትተማመን። ውሃ ስትቀይር በሚዛን እየለካህ ቅዳ፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። ከላይ 20 ሊትር ሲወጣ ውሃው 6 ሳ.ሜ. ካልወረደ ልኩን ደግመህ እይ። ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ይበልጣል፣ በእሱ አትቁጠር።