ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዋንጫው ይቅር ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል ባለው ሜዳ ዳር ቆመን የጀመርነው ክርክር ዝናቡ ስለበተነን ሳይቋጭ ቀርቷል፤ እዚህ በጽሑፍ እንቀጥለው። ጥያቄው፣ የሰፈር ፕሮጀክቶች (የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ቡድኖች) በየክረምቱ በሚያካሂዱት የእግር ኳስ ውድድር ከ13 ዓመት በታች ባለው ምድብ ዋንጫውና የደረጃ ሰንጠረዡ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚል ነው። ሐሳቡን ያነሡት መምህራችን ቢሆኑም ተቃውሞው የመጣው ከአሰልጣኞች ስለሆነ በእነሱ እንጀምር።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ እኔ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ። እነዚህ ልጆች ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ሲቀላቀል ገና አንደኛ ክፍል አልገቡም ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን በሁለተኛነት ሲያጠናቅቅ ግን ውጤቱን ከእኛ ይልቅ እነሱ በቃላቸው ይዘውት ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ «ዛሬ ግብ አይቆጠርም» ብንለው ራሱ ቆጥሮ ይነግረናል። በሐምሌ ዝናብ ከቤቱ የሚያስወጣው ዋንጫው ነው። ወላጅም ታኬታ የሚገዛው፣ ባለሱቁም ማሊያ የሚያሳትምልን ዋንጫ ስላለ ነው።

የአንድ ታዳጊ እናት፦ አሰልጣኝ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኔ ስለ ማሊያው ልንገርዎ። አምና ክረምት ልጄ 11 ዓመቱ ነበር፤ ማሊያው ጉልበቱ ድረስ ይወርድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቶቼ ልጆች ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመለሱ፣ እናቶቻቸው በረንዳ ላይ ሳፋ ዘርግተው ሲፈትጉ፣ የእኔ ልጅ ማሊያ ግን ጠዋት አጥፌ እንደሰጠሁት ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። አራት ቅዳሜ በተከታታይ እንዲሁ ሆነ። በአምስተኛው ቅዳሜ «ሆዴን አሞኛል» አለኝ፤ እኔም አላስገደድኩትም። አሁን ቅዳሜ ሲደርስ ሐይቁ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ይውላል። ዋንጫው የእኔን ልጅ ከቤት አላስወጣውም፤ ከሜዳ ነው ያስወጣው።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፦ እኅታችን የነገሩን ከአንድ አሰልጣኝ ክፋት የመጣ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ዋንጫ ሲኖር በሁሉም ቦታ የሚሆን ነገር ነው። ዓለም አቀፉ እግር ኳስ የዕድሜ ምድብ የሚቆርጠው በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ስለሆነ፣ በጥር የተወለደና በቀጣዩ ኅዳር የተወለደ ልጅ በአንድ ምድብ ይሰለፋሉ። በ12 ዓመት ልጅ ላይ የአሥር ወር ልዩነት በቁመትም በጉልበትም ይታያል። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተጠና ወዲህ በእግር ኳስም ተደጋግሞ እንደታየው፣ አሰልጣኝ በታዳጊነት «ተሰጥኦ አለው» ብሎ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በምድቡ ቀድሞ የተወለደውን ነው። የቀረው ልጅ አካሉ ሳይደርስ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ በዚህ አያበቃም። በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ 12 ዓመት የሞላው ልጅ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው፣ በእጁ የያዘው የልደት ምስክር ወረቀትም ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ በወላጅ ቃል የተሞላ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ የኤም አር አይ ምርመራ ያደርጋል፤ ምርመራው የሚያየው ግን የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንደሆነ ነው። 14 ዓመቱን 12 ነው ብለን ያስመዘገብነውን ልጅ አይዝብንም፤ ሁለቱም አጥንታቸው ገና አልተዘጋም። በዚህ ምድብ ዋንጫ እስካቆምን ድረስ ዕድሜ የሚቀንስ ሰው አይጠፋም፤ የሚይዘው መሣሪያም የለንም።

ኖርዌጂያውያን እ.ኤ.አ. በ1987 ባጸደቁት የልጆች ስፖርት ደንብ ልጆች 11 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ደረጃ አያወጡም፣ ሻምፒዮና ደግሞ ከ13 ዓመት በፊት የለም። እንዳለ ይቀዳ አልልም።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ መምህር፣ ኖርዌይ ጣሪያ ያለው አዳራሽ አላት፤ እኔ ለሃምሳ ልጅ ያለኝ ስድስት ኳስ ነው፣ ከስድስቱ ሁለቱ አየር አይዙም። ነገር ግን ስለ ማሊያው የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ እንደ መጀመሪያው መከራከር አልቻልኩም፤ ልጁ ማን እንደሆነ ዐውቄዋለሁና። እኅቴ፣ ልጅሽን ያላስገባሁት ስለጠላሁት አይደለም። በየሦስት ወሩ የምሞላው የሪፖርት ቅጽ አለ፤ «የተገኘ ውጤት» የሚል ዓምድ አለው፤ «ስንት ልጅ ተጫወተ» የሚል የለውም። ዋንጫ ካላመጣሁ በሚቀጥለው ዓመት ያቺ ትንሽ አበል ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ትልልቆቹን የማሰልፈውና ኳሱን በረጅሙ ምቱ የምለው ለዚህ ነው። እንዲህ የተጫወተ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው ኳስ በደረቱ ማቆም እንደማይችል አጥቼው አይደለም።

የቀድሞ ተጫዋች፦ አሰልጣኝ እውነቱን ስላወጡልን አመሰግናለሁ፤ የክርክሩ ራስ ይህ ቅጽ ይመስለኛል። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ ላይ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ሲያሠለጥኑ የሚጠየቁት የበቆጂን ዋንጫ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። (ሩጫና ኳስ አንድ አይደሉም የሚለኝ ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ልክ ነው።)

ዋንጫውን የምናሳድድ ሰዎች አንድ ነገር አንርሳ። አንድ ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዘዋወር፣ በፊፋ ደንብ መሠረት ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ቆጠራው የሚጀምረው እኛ ጭቃ ላይ በምናሠለጥናቸው ዕድሜ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚያገኘው ግን ተጫዋቹን በሕጋዊ መንገድ ያስመዘገበ ክለብ ስለሆነ፣ ዋንጫ ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ብቻውን ምንም አያመጣልንም። በአንድ ክለብ ሥር ተጠልለን የልጆቹን ስም፣ የልደት ቀንና የሠለጠኑበትን ዓመት በመዝገብ ብንይዝ ይሻለናል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ መካከለኛ ነው። ዋንጫው ይቆይ፤ ነገር ግን በዚህ ምድብ ሰባት ለሰባት በግማሽ ሜዳ፣ በ4 ቁጥር ኳስ ይጫወቱ። በሙሉ ሜዳ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲሆኑ ክንፍ ላይ የቆመው ልጅ ኳስ ሳይነካ የሚያልፈው ጊዜ ብዙ ነው። በስም ዝርዝር የተያዘ ልጅ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ጨዋታ ይሰለፍ፤ ያላሰለፈ ቡድን ነጥቡን ይጣል።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ ሁሉም ቡድን ለደንቡ ከተገዛ እቀበላለሁ። አንዳችን ብቻ ከፈጸምነው ግን መጀመሪያ የሚሸነፈው ደንቡን ያከበረው ነው። ደቂቃውን የሚይዘው ማን ነው?

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፦ ደቂቃውን የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በደብተር ይይዛሉ። በዋንጫው ግን አልተስማማሁም። በግማሽ ጨዋታው ደንብ ትንሹ ልጅ ይሰለፍ ይሆናል፣ የልደት ወረቀቱ ጣጣ ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ ስብሰባው ላይ ደግሜ አነሣዋለሁ።

አወያይ፦ ስብሰባው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያው ሜዳው ዳር ነው። የሪፖርት ቅጹ ላይ ዓምድ እንዲጨመር የሚጠይቅ ደብዳቤ አሰልጣኝ አርቅቀው ቢያመጡ መልካም ነው።

የአንድ ታዳጊ እናት፦ የተባለውን ለልጄ ነግሬዋለሁ። እመለሳለሁም አልመለስምም አላለኝ፤ «ግማሽ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?