የወንድሜን ስልክ ልቀማው ወይስ ልተወው? ማትሪክ ሦስት ወር ቀርቶታል

ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው፣ ናቹራል። ወላጆቻችን ደሴ ናቸው፤ እሱ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፣ አያት ኮንዶሚኒየም። ጨዋ ልጅ ነው። አምሽቶ አይገባም፣ ጫት ቤት አይታይም፣ ከሰው አይጣላም። ግን ስልክ! እጁ ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው። እራት ላይ ስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ስልክ፣ ሽንት ቤት ስልክ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ስነሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ መብራት አየሁ። "ምን እያየህ ነው?" ስለው "እያጠናሁ ነው" አለኝ። ተሸፋፍኖ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ እየሳቀ። ፊዚክስ መቼም አያስቅም። ጠዋት ደግሞ በልመና ነው የሚነሳው።

አንድ ቀን ተናድጄ ቀማሁት። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ ወርክሺቱንም፣ የቤት ሥራውንም፣ የፈተና ፕሮግራሙንም የሚለቀው በቴሌግራም ነው። በሦስተኛው ቀን "አሳይመንቱን ሳላይ ቀርቼ 10 ማርክ ሄደብኝ" ብሎ መጣ። በዚያው ቀን አባዬ ከደሴ ደወለልኝ። "ልጁ ምን ሆኖ ነው ስልኩ የማይሠራው? መብራት ልከፍል ነበር" አለኝ። ለካ አባዬ ቴሌብር የሚጠቀመው በእሱ እየተመራ ነው፤ "አሁን እዚህ ንካ፣ አሁን ፒንህን አስገባ" እያለ ሁሉን የሚያስጨርሰው ይሄው ልጅ ነው። አፍሬ መለስኩለት።

ኪፓድ ልግዛለት ብዬም ነበር፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል ብዬ ተውኩት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ልጅ የሌላችሁም ተናገሩ፣ እኔም የለኝም።

የዘጠናዎቹ ልጅ

ቅሚው። ይሄ ምን ያስጨንቃል። እኛ ሲም ካርድ ለማግኘት ተሰልፈን፣ ከምርጫ 97 በኋላ ሜሴጅ ተዘግቶብን፣ ለሚሊኒየሙ ሲከፈት እንደ ጉድ ተደስተን፣ ያም ሆኖ ዲግሪያችንን ይዘናል። ቋንቋችን ሚስኮል ነበር። አንዴ ከጠራ "ደርሻለሁ"፣ ሁለቴ ከጠራ "አባቴ ቤት አለ፣ እንዳትደውል"። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጥናት።

ጠመኔ

እህቴ፣ እኔ 14 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ድሮ ብትጠይቂኝ እኔም ቅሚው እልሽ ነበር። ክፍል ውስጥ ስልክ ካየሁ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍ ነበር፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ መሳቢያው የስልክ ሱቅ ይመስላል። በዚያ ምክንያት ጎበዝ የሆነ ተማሪ ግን አላየሁም።

ስልክና ማትሪክ የቆየ ታሪክ አላቸው። ግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ አገር በሙሉ ፈተናው ተሰረዘ፣ ከወር በኋላ እንደ አዲስ ተሰጠ። ያን ጊዜ ፈታኝ ነበርኩ፤ ልጆቹ ወረቀታቸውን እንደያዙ የት እንደሚገቡ ጠፍቷቸው ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ። ኩረጃው ከዚያም በኋላ በስልክ ቀጠለ። በመጨረሻ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገባ ያለ ስልክ ይፈተን ተባለ። ውጤቱን ታስታውሺዋለሽ፣ ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2016ም 5.4 ነው። ሰው ሁሉ "ስልክ ትውልዱን ጨረሰው" ብሎ ጮኸ። እኔ አልተስማማሁም። ስልክ ሸፍኖት የነበረው ነገር ነው የተገለጠው። 12ኛ ክፍል ደርሶ ክፍልፋይ የሚያስቸግረው ልጅ አለኝ፣ ያ ልጅ 4ኛ ክፍል እያለ ስልክ አልነበረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን ንገሪን፦ ውጤቱ ወርዷል ወይስ አንቺን ብቻ ነው ያበሳጨሽ? እንቅልፉ ግን እኔንም ያሳስበኛል። ሳይተኛ ያደረ ልጅ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ከሰሌዳው ሆኜ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ

ጋሼ የዘጠናዎቹ ልጅ፣ ሚስኮል ሲቆጥሩ ያመሹበትን ሰዓት ከጥናቱ ላይ አልቀነሱትም ሃሃ።

እኔ ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ስለዚህ ነገሩ ትኩስ ነው። 12ኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ስልኬን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ከጓደኛዬ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ገዝቼ የጫማ ካርቶን ውስጥ ደበቅኩ። ከዚያ በፊት ያየሁትን አስቂኝ ነገር ለአባቴ አሳየው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላሳየሁትም። የቀረብኝ ስልኩ ሳይሆን ያ ነው።

በእኛ ከተማ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የኬሚስትሪ አስተማሪ አልነበረንም። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፣ በአማርኛ ከሚያስረዱ ልጆች። የድሮ ማትሪክ ጥያቄዎችን ከእነ ማብራሪያቸው ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ያ የተሰነጠቀ ስልክ ባይኖር እዚህ አልደርስም ነበር።

ግን ጻድቅ አይደለሁም። ግቢ ከገባሁ በኋላ በዚያው ስልክ ቤቲንግ ጀመርኩ። በ20 ብር። አንድ ጊዜ 900 በላሁና አለቀልኝ። ከቤት የሚላክልኝ ገባ እንደተባለ ከአልጋዬ ሳልነሳ ይወጣል፤ ገንዘቡም ጨዋታውም አንድ ስልክ ላይ ናቸው፣ መሃላቸው ሁለት ንክኪ ነው። የአንድ ወር የካፌ ብሬን በልቼ ጓደኞቼ ትሪ ላይ ነው የከረምኩት። ቲክቶክ እንቅልፍሽን ይወስዳል፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ቲክቶኩን ትተሽ መጀመሪያ ይሄን አጣሪ።

እማማ ሜሪላንድ

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የማየው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ልጄ አማርኛ የምታወራው አያቷ ጋ በየእሑዱ በቪዲዮ ስለምትደዋወል ነው፤ ያ ባይኖር "ደህና ነኝ"ን እንኳ አታውቅም ነበር። የታላቅ ወንድሟን ግን አልቻልኩትም። ሰዓት የሚገድብ አፕ ጫንኩበት፣ በማግሥቱ የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ አለፈው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ቀስ ብዬ ኮዱን ስቀይር ደግሞ ራሴን ቆለፍኩ።

ጠጋኙ

መገናኛ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። "የልጄን ፓስወርድ ክፈትልኝ" የሚል ወላጅ የማይመጣበት ሳምንት የለም። ልጁ ከሌለ አልነካም። አንድ ጊዜ ከፍቼ አባትየው እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ የልጁን ቻት ሲያነብ ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ በቃኝ።

እህቴ፣ ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ "ዲጂታል ዌልቢዪንግ" የሚል አለ። በቀን ስንት ሰዓት፣ የትኛው አፕ ላይ እንደጠፋ ቁጭ አድርጎ ያሳይሻል። ተደብቀሽ አትክፈቺው፣ አብራችሁ ክፈቱት። እኔ የራሴን ያየሁ ቀን ደንግጬ ሱቄን ዘግቼ ሄጃለሁ። ቻርጀሩን ደግሞ ከመኝታው አውጪ። ልጁ እምቢ ካለ በእኔ አመካኚ፤ ትራስ ሥር ተሰክተው እያደሩ ባትሪያቸው እንደ አምባሻ ያበጠ ስልኮች ስንት እንደሚመጡልኝ ብነግርሽ አንቺም አትተኚም።

አንድ ማንም ያልጠየቀሽን ልጠይቅሽ። ልጁ የሚገዛው ምን ዓይነት ፓኬጅ ነው?

ታላቅ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የሁላችሁንም አነበብኩ። ጠመኔ፣ እውነት ነው፣ ውጤቱ ያን ያህል አልወረደም። ሒሳብ እንዲያውም ጨምሯል። የወረደው ጠዋት ያለው ባዮሎጂ ነው፤ ለምን እንደሆነ እርስዎ ነግረውኛል። አሥራ ዘጠኝ፣ ቤቲንጉን ጠየቅኩት። "ብር የት አለኝና" አለኝ፣ አመንኩት።

ጠጋኙ፣ ያንተን ጥያቄ እንደ ቀልድ ነበር ያለፍኩት። ትናንት እራት ላይ ትዝ ሲለኝ ጠየቅኩት። "የሌሊት ነዋ" አለኝ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። የቀኑ ይወደድበታል። በምሰጠው የኪስ ብር የሌሊቱን ይገዛና የትምህርቱን ቪዲዮ ያኔ ነው የሚያየው፣ የተረፈውን ለቀን ያወርዳል። እሱ ሲያወርድ ደግሞ በመሃል ቲክቶክ አለ። "እየሳቅህ የነበረውስ?" ስለው "እሱ ቲክቶክ ነው" አለኝ፣ አልዋሸም። እኔ ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ስክሮል ሳደርግ እውላለሁ፣ ልጁ እንቅልፉን እየሸጠ ዳታ ሲገዛ ከርሟል። አንድ ቤት ውስጥ ነን እኮ!

ያልከኝንም አብረን ከፈትነው። 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ዝም አለ። ከዚያ "ያንቺንስ?" አለኝ። 5 ሰዓት ከ10። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን አፍ አለኝ?

የወር ፓኬጅ ገዛሁለት፣ በቀንም የሚሠራ። በለውጡ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልኩ ኩሽና ያድራል። "ያንቺም ካደረ" አለ። እሺ አልኩ። ትናንት ማታ ሁለቱንም መሶቡ አጠገብ አስተኝተናቸው ገባን። ዛሬ ጠዋት ግን ሁለታችንም አረፈድን፤ ለካ ቤቱ ውስጥ ከስልክ ሌላ የሚቀሰቅስ ነገር የለም።

ስለዚህ አዲስ ጥያቄ አለኝ። ያ ድሮ እናቶቻችን ራስጌ የሚቀመጠው፣ በባትሪ የሚሠራው፣ ሰፈር የሚቀሰቅሰው ሰዓት አሁንም ይሸጣል? የት?

ጠጋኙ

መርካቶ ሞልቷል። ሁለት ግዢ፣ አንዱ ሳምንት አይሞላም።

የዘጠናዎቹ ልጅ

እኔ ጋ አንድ አለ፣ ከ1993 ጀምሮ እየጮኸ ነው። አልሸጠውም፣ ለማትሪኩ ግን አውስሻለሁ።