መዝገቡ 17 ፔቲዲን ይላል፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ግን 15 ነው

ጥያቄ (የቀዶ ሕክምና ዋርድ ኃላፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። በናርኮቲክ መዝገባችን ላይ የፔቲዲን (ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መርፌ) ቀሪ 17 አምፑል (የመርፌ ብልቃጥ) ነው። ዛሬ ጠዋት ርክክብ ላይ ሲቆጠር 15 ሆነ። ባዶ አምፑሎቹ ገና ወደ ፋርማሲ ስላልተመለሱ እጃችን ላይ ናቸው። ልዩነቱን ከየት ጀምረን እንፈልገው? በመዝገብስ እንዴት ይሰፍራል? ቀሪውን 15 ብለን ብናርመው ይበቃል የሚሉም አሉ።

መልስ (የሆስፒታል ፋርማሲስት)
ሲስተር፣ 17ቱን አይንኩት። ከተደለዘ ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ ማግኛው ይጠፋል። መጀመሪያ ሁለት ሰው ሆናችሁ እንደገና ቁጠሩ። ሕመም ላይ ላለ ታካሚ መስጠት ግን አይቋረጥ፤ የቆጠራውን ውጤትና ሰዓት በአንድ መስመር ጽፋችሁ ከፈረማችሁ በኋላ አዲሱን ወጪ ከሥሩ ቀጥሉ።

ከዚያ ቆጠራና መዝገብ የተስማሙበትን፣ ሁለት ተረኞች የፈረሙበትን የመጨረሻ ርክክብ ፈልጉ። ፍለጋው ከዚያ ወዲህ ብቻ ነው። በየመስመሩ መዝገቡን፣ ልዩ የማዘዣ ወረቀቱን፣ የታካሚውን ካርድና ባዶውን አምፑል አስተያዩ። መቀነሱንም በካልኩሌተር ድገሙት፤ ቀሪው ከገጽ ግርጌ ወደ ቀጣዩ ገጽ ራስ ሲዛወር 1 እና 7 ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በገጹ ላይ ያለው ሁሉ 100 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ነው ወይስ 50 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትርም ገብቷል?

ጠያቂዋ
በመካከሉ 50 ሚሊግራሙ መጥቷል። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ናቸው።

መልስ (የሆስፒታል ፋርማሲስት)
እንግዲያው እዚያ ይጀመር። 100 ሚሊግራም ታዞ ከ50ው ሁለት አምፑል ተከፍቶ፣ መዝጋቢው እንደለመደው «1» ከጻፈ በየታካሚው አንድ አምፑል ይጎድላል። ባዶዎቹን እንደ ጥንካሬያቸው ለይታችሁ ቁጠሩ። ከዛሬ ጀምሮም ለእያንዳንዱ ጥንካሬ የራሱን ገጽ ክፈቱ።

መልስ (አንስቴቲስት)
በዚሁ አጋጣሚ ስለተረፈው መጠን ልጨምር። ከ100 ሚሊግራሙ አምፑል 75 ከተሰጠ፣ በመስመሩ ላይ ወጪ 1 አምፑል፣ የተሰጠ 75፣ የተደፋ 25 ሚሊግራም ይባላል፤ የተሰጠውና የተደፋው ተደምሮ 100 ካልመጣ መስመሩ አልተዘጋም። «ግማሽ አምፑል» ብሎ ቀሪው ላይ መተው ቆጠራውን ያበላሻል። ወደ 10 ሚሊሊትር ከተበረዘ ደግሞ 1 ሚሊሊትሩ 10 ሚሊግራም ነው፤ 3 ሚሊሊትር ተሰጥቶ 7 ሚሊሊትር ከተረፈ የሚደፋው 70 ሚሊግራም ነው። ምስክሩ ሲደፋ በዓይኑ አይቶ እዚያው ይፈርም። በተረኛ መውጫ ሰዓት ተሰብስቦ የሚፈረም ፊርማ ምስክርነት አይደለም።

ፌንታኒል (ሌላው ጠንካራ ማስታገሻ) ላይ «ማይክሮግራም» ተብሎ በሙሉ ቃል ይጻፍ፤ በችኮላ «ሚግ» (ሚሊግራም) ከተባለ የሺህ እጥፍ ስህተት ነው።

መልስ (የዋርድ ነርስ)
የሌሊቱንም ተመልከቱ። ሌሊት 7 ሰዓት የተሰጠ በእኛ አቆጣጠር የትናንቱ ሌሊት ነው፤ በሞኒተሩ ግን 1:00 ሆኖ ቀኑም ተቀይሯል። መዝገቡ በአንዱ፣ የአንስቴዥያ ቅጹ በሌላው ከተጻፈ መስመሩ አለ እየተባለ አይገኝም። አንዱን አቆጣጠር መርጣችሁ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ጠያቂዋ
ባዶዎቹን ለየናቸው። በአንድ መስመር ልክ እንዳላችሁት 100 ሚሊግራም ከሁለት አምፑል ተሰጥቶ 1 ተብሏል። ከጎደሉት ሁለቱ የቀረው አንድ አምፑል ግን ባዶውም የለም። ተሰብሮ ይሆናል እየተባለ ነው።

መልስ (የሆስፒታል ፋርማሲስት)
ስብራት የሚጻፈው ስባሪው ተይዞ፣ ያየ ሰው ሲፈርም ነው። በግምት ከተጻፈ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ካለ መሸፈኛ ይሆነዋል፣ ንጹሑን ተረኛም ያስጠረጥራል። የድሮውን መስመር ሳትነኩ በዛሬው ቀን እንዲህ አስፍሩ፦ «በመዝገብ 17፣ በቆጠራ 15። 1 አምፑል በገጽ እና በተራ ቁጥር (ይሞላ) 2 መባል ሲገባው 1 የተባለ። 1 አምፑል ምክንያቱ ያልታወቀ።» ሁለት ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ቀጣዩ መስመር ከ15 ይነሳ። ስላልታወቀው አምፑል ዛሬውኑ ለፋርማሲ ኃላፊው በጽሑፍ ይድረስ፣ ግልባጩ ዋርዱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ፔቲዲን በ1961 (እ.ኤ.አ.) የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ሥር ስለሆነ አገር የምታስገባው በየዓመቱ አስቀድሞ በሚቀርብ ግምት ነው። የዋርዱ ፍጆታ አንሶ ከተመዘገበ የሚቀጥለው ጥያቄያችሁም ያንሳል፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣው ታካሚም ማስታገሻ ያጣል።