ስለ ደም ግፊት ትክክለኛ መረጃ ከየት ይገኛል? የኮዬ ፈጬና የአካባቢው ነዋሪዎች ጠቁሙኝ

ጠያቂው (ኮዬ ፈጬ)፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ግፊቷ 170 በ100 ሆኖ ተገኘና አምሎዲፒን ታዘዘላት። ተራ ጠባቂው ብዙ ስለነበረ ሐኪሙ በቅጡ አላነጋገራትም። አሁን ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ጎረቤት «ክኒኑ ኩላሊት ይጎዳል» ብላ አስፈራርታታለች፤ እህቴ በነጭ ሽንኩርት ይድናል የሚል ቪዲዮ ከቲክቶክ ታሳያታለች። እናንተ በጤና ጉዳይ ማንን ነው የምታምኑት? ፋርማሲ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ ሬዲዮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን?

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ያለው ፋርማሲ። ልጅቷ ወርቅ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ጋ ሄጄ አላውቅም፤ ልጆቼን በየስማቸው ትጠራቸዋለች።

መምህሩ ከገላን፦ መለኪያ ግዛላቸው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን የክንዱን። ከመለካታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባቸውን አስደግፈው ይቀመጡ፤ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ መምህር፤ መለኪያ አለን። የቸገረኝ መረጃው ነው።

የአባዶዋ፦ ቴሌግራም የሚለውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። አባቴ «የግፊት ሻይ» ከአንድ ቻናል አዘዘ፤ ሞተረኛ እቤት ድረስ አመጣለት። እሽጉን እስካሁን አልጣልኩትም። የአምራች ስም የለው፣ ቀን የለው። ወረቀቱን በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ «ውፍረት መቀነሻ» የሚል ሌላ ጽሑፍ ወጣ። «ሻዩን ሲጀምሩ ክኒኑን ያቁሙ» ብለውታል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጠዋት ሊታጠብ ተነሥቶ ጆጉን ማንሣት አቃተው። አፉ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ነበር።

ጣፎ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ስንት ብር ወሰዱበት?

የአባዶዋ፦ ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል? ብደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ቻናሉን አጥፍተውታል።

ቡራዩ፦ ሁሉን ቅጠል አትኮንኑ። እኔ ሺፈራው አፍልቼ እየጠጣሁ ግፊቴ ወርዷል።

አሸዋ ሜዳ፦ ክኒንህንስ አቁመህ ነው? ሁለቱን አብረህ እየወሰድክ ምስጋናውን ለቅጠሉ ብቻ መስጠት ሰው ያስገድላል። የእህታችን አባት በዚህ ዓይነት ወሬ ነው የተጎዱት።

ቡራዩ፦ ክኒኑንም እወስዳለሁ። አቁሙ አላልኩም።

ነርሷ፦ በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነው የምሠራው። ወንድሜ፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት አምሎዲፒን ከሚያስከትላቸው የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ ነው። እናትህ በራሳቸው አያቋርጡት፤ ተመልሰው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም በሌላ ይተካል። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ዛሬውኑ ይታዩ። ኩላሊትን የሚጎዳው ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው። ማንን ልመን ላልከው፣ እኔ ቪዲዮ ሲያሳዩኝ የማየው ተናጋሪው ስሙንና ሙያውን መናገሩን፣ መጨረሻ ላይ የሚሸጠው ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። መድኃኒት አቁሙ እያለ የራሱን የሚሸጥ ከሆነ እዚያው ዝጉት፤ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ጠቁሙ። እኛም የከተማው ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት እንዞራለን። ጤና ጣቢያ ሄደህ የእናንተን ብሎክ የምታየውን ባለሙያ ጠይቅ። ጨውም በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦ ይህን ሁሉ የእኛዋ ፋርማሲስትም ትነግራችኋለች፤ ያውም ሳትሰለች።

አሸዋ ሜዳ፦ ወርቅነቷን አልካድንም። ሰውዬው ግን ኮዬ ፈጬ ነው ያሉት፤ እናታቸው ባበጠ እግር ለአንድ ጥያቄ ቱሉ ዲምቱ ይመላለሱ?

ጣፎ፦ ከኮዬ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቀጥታ ታክሲ አለ? አክስቴ ቀጠሮ አላት።

መምህሩ ከገላን፦ በማለዳ ከወጣችሁ ይገኛል። ከረፈደ ሰልፉ አያድርስ ነው።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ፣ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት፤ የጨው ዕቃውን አንሥታ ስታየው ቆየች። የአባዶዋ እህቴ፣ አባትሽ አሁን እንዴት ናቸው?

የአባዶዋ፦ በከዘራ ይራመዳል። የእኔን ስም ይጠራል፤ የእናቴን ግን ገና ነው።

ጣፎ፦ ያ የክንዱ መለኪያ በባትሪ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሠራው? መብራት እኛ ጋ ይጠፋል።