ታነንበርግ የሚባለው ግንብ የት ሄደ?

የዳርምሽታቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ከባለቤቴ ጋር እዚህ ጀርመን፣ ዜሃይም ከምትባለው መንደር በላይ ያለውን ጫካ ስንወጣ ካርታው ላይ «ታነንበርግ» የሚል የግንብ ምልክት አየን። ላባችን እስኪንጠፈጠፍ ወጣን። ስንደርስ ማማ የለ፣ በር የለ፤ ዛፍ መሃል የቀረ የመሠረት ድንጋይ ብቻ። ባለቤቴ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የፈረሰ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው?

ድንጋይ ወዳድ፦ እህቴ፣ ባልሽ ከ500 ዓመት በላይ ስቷል። የፈረሰው በ1399 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ ሐምሌ አካባቢ ነው። የአንድ ጌታ ቤት እንዳይመስልሽ፣ ብዙ ባላባቶች ድርሻ ድርሻቸውን ይዘው የሚኖሩበት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጀርመኖቹ «ጋነርበንቡርግ» ይሉታል። ከተራራው ሥር የሚያልፈው በርግሽትራሰ ደግሞ የነጋዴ መንገድ ነው፤ ባለድርሻዎቹ እየወረዱ ይዘርፉ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሽፍታ ናቸው፣ ልዩነቱ ግንብ ያላቸው ሽፍቶች መሆናቸው ነው። መጨረሻ ላይ የማይንሱ ሊቀ ጳጳስ፣ የፋልስ (የራይን ወንዝ አካባቢ ግዛት) መስፍንና እነ ፍራንክፈርት ከተማ ተባብረው ዘመቱባቸው። ፍራንክፈርት ትልቁን መድፏን ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልተሠራም።

ክረምት ስል የእኛን ክረምት ነው፣ እዚያ በጋ ነው 😄

አሮጌ ብረት፦ ዋናውን ነገር ማንም አላነሣውም እኮ! በ1849 ፍርስራሹን ሲቆፍሩ ከውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ የነሐስ ጠመንጃ አገኙ። ርዝመቷ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከኪሎ ትንሽ የሚያልፍ፣ ቃታ የሌላት። እንጨት ላይ ይሰኳትና ከላይ ባለችው ቀዳዳ በኩል እሳት ይሰጧታል። ግንቡ በ1399 ስለፈረሰ ጠመንጃዋ ከዚያ በፊት የተሠራች መሆኗ ይታወቃል። ለዚህ ነው ስለ መጀመሪያዎቹ የእጅ ጠመንጃዎች ሲወራ ታነንበርግ የማይቀረው። አሁን ኑረምበርግ፣ የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናት።

ድንጋይ ወዳድ፦ ልክ ነህ፣ እሷን ረስቻት። ደግሞ ስትፈልጉ ከ1410ሩ የታነንበርግ ጦርነት ጋር እንዳታምታቱ፤ ያ ዛሬ ፖላንድ ባለ ቦታ የሆነ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም።

የዳርምሽታቷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ «እና ቦምብ ባይሆን መድፍ ነው፣ ያው ነው» አለኝ። ኑረምበርግ በራሱ ነዳጅ ይወስደኛል።