ከሕያው ሴል የሚሠራ ቆሽት የኢንሱሊን መርፌን ያስቀራል?

የኮምቦልቻዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ስላለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ሰሞኑን ደውሎ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሕያው ሴሎች በትንሽ ከረጢት ተደርገው ከቆዳ ሥር እንደሚቀበሩና ይህ የተደረገላቸው ሰዎች መርፌ እንደተዉ ነገረን። ልጄ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም፤ እኔ ደግሞ ተስፋዋን በሐሰት ማሳደግም ያለ ምክንያት ማጥፋትም አልፈልግም። ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እኛ ዘንድ እንዳይደርስ የያዘው ገንዘብ ነው ወይስ ሳይንሱ ራሱ ገና ነው?

መምህር ከወልድያ፦
እኅቴ፣ ወንድምዎ የነገሩዎት ሁለት እውነተኛ ወሬዎች ተቀላቅለው ነው። መርፌ የተዉ ሰዎች አሉ፤ ከረጢቱም አለ፤ መርፌ የተዉት ግን ከረጢቱ የተቀበረላቸው አይደሉም።

የከረጢቱ ሐሳብ የቆየ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ሊም እና ሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎች ከባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔት ሸፍነው ስኳር ላለባቸው አይጦች ሰጡ፤ የአይጦቹም ስኳር ለሳምንታት ተስተካክሎ ቆየ። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ነው፤ ስኳር፣ ኦክስጅንና ኢንሱሊን ያልፉበታል፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ግን አያልፉበትም። ዓይነት አንድ ስኳር የሚመጣው መከላከያው የገዛ አካሉን ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ሲያጠፋ በመሆኑ፣ አዲስ ሴል ያለ ሽፋን ቢገባ ዕጣው ያው ነው።

ችግሩ ሽፋኑ ሴሎቹን ማፈኑ ነው። እነዚህ ሴሎች በቆሽት ውስጥ ሳሉ ደም በብዛት ይደርሳቸዋል፤ ከደም ሥር ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከራቁ ግን ኦክስጅን አይበቃቸውም። በዚያ ላይ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በጠባሳ ይከበዋል፤ ጠባሳው በወፈረ ቁጥር ኦክስጅኑ ይብስ ይርቃል። ቤታ ኦቱ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በየቀኑ ኦክስጅን የሚሞላለት መሣሪያ ሠርቶ በስዊድን በአራት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ሴሎቹ በሕይወት ቢቆዩም ያመነጩት ኢንሱሊን የሰዎቹን ስኳር ለመቆጣጠር አልበቃም።

መርፌ ያስተወው ሌላ ነው። ቨርቴክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ማደግ ከሚችል ጀማሪ ሴል፣ ያሳደጋቸው ሴሎች ያለ ከረጢት፣ ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር በኩል ይሰጣሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መውጋት አቁመዋል። ይኸው ኩባንያ ሴሎቹን በመሣሪያ ውስጥ አድርጎ የጀመረውን ሙከራ ግን፣ የሚመነጨው ኢንሱሊን በቂ ባለመሆኑ በዚያው ዓመት አቁሞታል። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ፣ ስለ ከረጢቱ ከሆነ፣ ሳይንሱ ራሱ ገና ነው የሚል ነው።

ነርስ ከደሴ፦
መምህሩ ባሉት ላይ የምጨምረው አለኝ። ሴሎቹን ያለ ከረጢት የወሰዱ ሰዎች የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው። የተመረጡትም ስኳራቸው ሳይታወቃቸው በጣም እየወረደ ለአደጋ የሚያጋልጣቸው አዋቂዎች ስለሆኑ ልውውጡ ያዋጣቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ ባልጠፋበት አገራችን ላለች ልጅ ግን ይህ መድኃኒት ከመርፌው የከበደ ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ። አገራችን እንዲህ ያለውን ሕክምና መከታተል አትችልም ማለቴ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩላሊት ሲተከል፣ የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ነው።

አደራ፣ አዲሱ ሕክምና ይመጣል ተብሎ መርፌው እንዳይቀነስ። በዓይነት አንድ ኢንሱሊን ሲቋረጥ በደም ውስጥ አሲድ በፍጥነት ይጠራቀምና ሕይወት ያጠፋል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ሥር ያኑሩት። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ግን መጣል አለበት።

የኮምቦልቻዋ እናት፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። መከላከያ ሳይዳከም፣ ያለ ከረጢትም የሚሠራ መንገድ ጨርሶ የለም ማለት ነው?

መምህር ከወልድያ፦
አለ፤ እኔም አብዝቼ ተስፋ የማደርገው በእርሱ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ በስዊድን ኡፕሳላ ከሞተ ለጋሽ የተወሰዱ ሴሎች መከላከያው ባዕድ መሆናቸውን እንዳያውቅ ዘረ መላቸው ተለውጦ ዓይነት አንድ ባለበት ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ገቡ። ሰውየው መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት አልወሰደም፤ ሴሎቹ ግን ከሦስት ወር በኋላም በሕይወት ሆነው፣ ሲመገብ ኢንሱሊን ያመነጩ ነበር። የተሰጠው መጠን ሆን ተብሎ አነስተኛ ስለነበር መርፌውን አልተወም። የለጋሽ ቆሽት እጅግ ጥቂት በመሆኑ ቀጣዩ ሥራ ይህንኑ ለውጥ በግንደ ሕዋስ ላይ ማድረግ ነው። ወንድምዎ አዲስ ወሬ ይዘው ሲደውሉ፣ ሴሎቹ ከየት እንደመጡ፣ ሰዎቹ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነና ያለ መርፌ ስንት ጊዜ እንደቆዩ ይጠይቋቸው።